ገብስ ሲጠብቅ የከረመው ሲዲ

ደባርቅ ለማስተማር በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ አንድ አስጎብኚ የአርባ ሰዓት ልፋቴን በአንድ ጣቱ አጠፋው። ይህን የምጽፈው እንዴት እንደተበቀልኩት ለመናገር ነው። ተጸጽቼ አይደለም፤ አንባቢ ይህን ከአሁኑ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የጌም ነገር ነው። ጌም ለማያውቅ ሰው በቅደም ተከተል ላስረዳ። ያኔ በከተማው ሁለት ጌም ቤቶች ነበሩ። አንደኛው መናኸሪያው አጠገብ ሆኖ ኳስ ብቻ ያጫውታል፤ ጩኸቱ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሁለተኛው ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ከመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ላይ የከፈቱት ነው። እትዬ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ማሽን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና የማይታለፍ ሕግ ነበራቸው። ሲዲ የሚያስገቡትና የሚያወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጆይስቲክ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። መብራት ከጠፋ የቀረው ደቂቃ ለነገ ይተላለፋል። ራሳቸው አንድም ቀን ተጫውተው አያውቁም፤ ግን ጓዳ ሆነው ሙዚቃውን ብቻ ሰምተው «ድልድዩ ጋ ደረስክ? ቀስ በል፣ እዚያ ጋ ሁሉም ይሞታል» ይሉ ነበር።

እኔን የያዘኝ ጌም ኳስ አይደለም። ካባ የለበሰ አንድ ሰይፈኛ አገር ላገር የሚዞርበት፣ ታሪክ ያለው ጌም ነው። ስሙ ለአፋችን ስለከበደን «ካባው» እንለዋለን። የኳስ ጨዋታ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ካባው ግን አርባና ሃምሳ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የደረስክበት ቦታ ሜሞሪ ካርድ በሚባል፣ የክብሪት ቀፎ በሚያህል ነገር ላይ ይቀመጥና በማግስቱ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። እትዬ ቤት የነበረው ካርድ አንድ ብቻ ነው፤ ደንበኞች ሁሉ በየስማችን ቦታ ነበረን። የነበረው ሲዲ ደግሞ የካባው ስድስተኛው ክፍል ነው። ከአንድ እስከ አምስት ያሉት ከዓመታት በፊት ወጥተው ያለቁ ናቸው፤ አንዳቸውንም አላየሁም ነበር።

አስጎብኚው በዕድሜ እኩያዬ ነው። ከፈረንጅ ጋር ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል፤ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ሳይቀር ኪስ አለው። ክረምት ላይ ግን ተራራው በጉም ስለሚታፈን ቱሪስት የለም፣ እሱም ሥራ የለውም። ጠዋት እትዬ ቤት ይገባል፣ ካባውን ጨርሶታልና ከኋላችን አግዳሚው ላይ ተንጋሎ በዚህ ሂዱ በዚያ ሂዱ እያለ ይውላል።

በስድስተኛው ክፍል አጋማሽ ላይ ሰይፈኛው አንዲት ከተማ በር ላይ የተቀመጠች አሮጊት ያገኛል። ሰይፉን ያወልቃል፣ መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ይንበረከክላታል። ለምን እንደሆነ አይነገርም፤ ጨዋታው ይቀጥላል። እኔ ሳይገባኝ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

«ለምንድን ነው የሚንበረከክላት?» አልኩ ወደ ኋላ ዞሬ።

አስጎብኚው ቀና አለ። «ስማኝ መምህር፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ሳይማር ስድስተኛ የገባ ተማሪ ቢመጣብህ ምን ታደርገዋለህ?»

«ወደ አንደኛ እመልሰዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ቁጭ ብለሃል? ተመለሳ!»

አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። ከሳቁት መካከል ሁለቱ የራሴ ተማሪዎች ነበሩ። ሳቁ ሲበርድ አስጎብኚው ዓይኑን ወደ ጣራው ሰቅሎ «እናቱ ናት። ክፍል ሁለት ላይ ጥሏት ሄዶ ነው። እኔ ሁሉንም ጨርሻለሁ፣ ማይ ፍሬንድ» አለ።

በሳምንቱ ስመለስ ካርዱ ላይ ስሜ የለም። አንድ ጊዜ አጠፋሁና አበራሁት። የለም።

«ቦታ ጠበበኝ፣ ያንተን አነሳሁት» አለ አስጎብኚው፣ የጠላ ጣሳ ከመንገድ እንዳነሳ ሰው። «እንዲያውም ውለታ ነው የዋልኩልህ። አሁን ከአንድ ትጀምራለህ።»

እትዬ ሰምተው ከጓዳ ወጡና «አንተ! ከሰው ቤት ዕቃ ታነሳለህ?» ብለው ለአንድ ሳምንት ደጃፋቸውን ከለከሉት። ለእሳቸው ጉዳዩ በዚህ አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም።

መስከረም ላይ ትምህርት ተከፈተ። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ከኋላ መቀመጫ አንድ ቀጭን ድምፅ «ስድስተኛ» አለ። ስዞር ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል። በማግስቱ ሌላው ክፍልም ጀመረ። ኅብረቱ ደስ ይል ነበር፤ የሚጠራው ሰው እኔ ባልሆን። ወጣት መምህር ያለው ሀብት አንድ ነው፤ በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚሰፍነው ጸጥታ። አስጎብኚው የወሰደብኝ የአርባ ሰዓት ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ያንን ጸጥታ ነው። እሱን ማስመለስ ነበረብኝ፤ ደግሞም በጠፋበት ቦታ፣ በዚያው አግዳሚ ፊት።

አንድ ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁና ዕቅዴን ጻፍኩ። አምስቱን የቆዩ ክፍሎች በቅደም ተከተል እጨርሳለሁ። አሮጊቷ ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ከዚያ አስጎብኚውን ሰው ባለበት እጠይቀዋለሁ። ሁሉንም ጨርሻለሁ ማለቱን አላመንኩትም፤ «እናቱ ናት» ሲል ዓይኑ ጣራ ላይ ነበር። የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ስትጠይቀው ዓይኑን የሚሰቅለው እዚያ ነው።

በጀማሪ መምህር ደሞዝ ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ይኖራል። የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ አሮጌ ጌም የሚጫወተው በአሮጌ ማሽን ነው፣ አሮጌ ማሽን ደግሞ ማንም አይፈልግም። እትዬ አልጋ ሥር አንድ በጆንያ የተጠቀለለ ነበራቸው። ሲዲውን የሚያነበው ዓይኑ ደክሞ ስለነበር በጀርባው ካልተገለበጠ አይሠራም።

«እሱ እኮ ሞቷል» አሉኝ። «ከፈለግከው ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል አሉ። ሕጌን ጻፍልኝና ግድግዳዬ ላይ ለጥፍልኝ።»

ሕጋቸውን በአሥራ አንድ ተራ ቁጥር፣ በቀይና በሰማያዊ ጻፍኩላቸው። አሥረኛውን እኔ ጨመርኩት፤ «ካርድ ላይ ያለ የሰው ስም አይነካም» ይላል። ማሽኑን ይዤ ወጣሁ፤ ለእሱ የሚሆን አሮጌ ካርድ ጎንደር ገዛሁ። ቴሌቪዥን አብሮኝ ግቢ የተከራየው የባዮሎጂ መምህር ነበረው፤ ዜና ሲጀምር እንድለቅለት ተስማማን።

ሲዲዎቹን መፈለግ ሌላ ትምህርት ነው። ጎንደር ውስጥ ፊልም የሚሸጡ ሱቆች ጋ የቆዩ የጌም ሲዲዎች በላስቲክ ታስረው ጥግ ይጣላሉ። የምፈልገውን በስሙ ጠርቼ መጠየቅ እንደሌለብኝ በመጀመሪያው ሱቅ ተማርኩ፤ ስሙን የጠራህለት ሲዲ ወዲያው ውድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «እነዚህን አሮጌዎች ለልጆች መጫወቻ በስንት ታነሳልኛለህ?» እያልኩ ጥቅሉን በሙሉ እወስድና ቤቴ ገብቼ እለያለሁ። ክፍል አንድና ክፍል ሦስት በዚህ መንገድ ተገኙ። ክፍል አምስትን መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጌም ቤት እንደ ኩባያ ማስቀመጫ ሲጠቀምበት አገኘሁት፤ በሁለት የኳስ ሲዲ ለወጥኩት። ክፍል ሁለት የተጻፈው የጃፓን ይሁን የቻይና በማላውቀው ፊደል ነበር። እሱንም አልተውኩትም። እያንዳንዱን ምርጫ በየተራ እየነካሁ ምን እንደሚያደርግ ደብተሬ ላይ በሰንጠረዥ አሰፈርኩ፤ ከላይ ሁለተኛው መድኃኒት፣ ሦስተኛው ካርታ፣ የመጨረሻውን ፈጽሞ አትንካ። ፊደሉን ሳላውቅ ጨርሼዋለሁ። እናትም አባትም የሚባል ሰው አልነበረበትም።

የቀረው ክፍል አራት ነው። ጎንደር የለም። ደባርቅ የለም። በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ዳባት ላይ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ድሮ ጌም ቤት እንደነበረው ሰምቼ ሄድኩ። መነጽሩ አንድ እጀታ ስለሌለው በክር አስሮታል።

«ክፍል አራት?» አለኝ ብየዳውን ሳያቆም። «ነበረኝ። ሸጥኩት።»

«ለማን?»

«ለገበሬ።»

«ገበሬ ካባውን ይጫወታል?»

አሁን ቀና ብሎ አየኝ። «ወፍ ያባርርበታል እንጂ! ከደባርቅ በላይ፣ ቡይት ራስ መውጫው ላይ ነው ማሳቸው። የሚስታቸው ዘመዶች እዚህ ስላሉ ለገበያ ሲመጡ ያለኝን ሲዲ በሙሉ ጭነው ሄዱ። የምታብረቀርቀውን ማሳ ተከትለህ ሂድ።»

እውነቱን ነው። በእሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ላይ ስወጣ ማሳው ከሩቅ ይብለጨለጭ ነበር። ገብሱ ሊታጨድ ደርሷል። ከዳር እስከ ዳር በተወጠሩ ሲባጎዎች ላይ ሲዲዎች መሐላቸው ባለው ቀዳዳ ታስረው ይወዛወዛሉ። ሽማግሌው በርኖሳቸውን ደርበው ድንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«እና ይሄ ነገር ውስጡ ምን አለው፣ መምህር?» አሉ አንዱን በጣታቸው እየነኩ።

«ታሪክ ነው ያለው፣ አባባ። የአንድ ሰይፈኛ ታሪክ።»

«እንዴ! ለካ ወፎቹ ይህን አውቀው ነው የሚፈሩት!» ብለው ሳቁና ወዲያው ኮስተር አሉ። «ጭላዳ ዝንጀሮው ግን ከቁብ አይቆጥረውም። መጥቶ ፊቱን ያይበታል፣ ጸጉሩን ያበጥርበታል፣ ከዚያ ገብሴን ይበላል። አሁን እርስዎ የቱን ነው የሚፈልጉት?»

ችግሩ እሱ ነበር። ጠጋኙ ስማቸውን የጻፈባቸው በእስክሪብቶ ስለሆነ ፀሐይና ዝናብ ጠርጎታል። አንዱ ከአንዱ አይለይም። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ከመምህራን ማረፊያ ክፍልና ከጎንደር ጥቅሎች የሰበሰብኳቸውን የተበላሹ ሲዲዎች በዘንቢል ይዤ ወጣሁና ማሳውን በሙሉ ለወጥኩ። ሽማግሌው ማሰሩን አገዙኝ። የእኔዎቹ ይበልጥ ያበራሉ ብለው መረቁኝ። መልካም ሰው ናቸው፤ ምርቃታቸው ለምን ዓላማ እንደሚውል አልነገርኳቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ላስረዳ። በኮምፒውተር የተገለበጠ ሲዲ ሆዱ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ፀሐይ ላይ ከከረመ አለቀለት። ፋብሪካ የታተመው ግን ብርማ ነው፣ ፀሐይ ይችላል። ስለዚህ ብርማዎቹን ብቻ ለየሁ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ ጭረታቸውን በጥርስ ሳሙና ከመሐል ወደ ዳር አሸሁ። ከዚያ በተገለበጠው ማሽን ውስጥ አንድ በአንድ አስገባሁ። የሠርግ ዘፈን። የኳስ ጌም። ዝም የሚል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማሪያ። ዝም የሚል። የመኪና እሽቅድድም። ከዚያ የማውቀው ሙዚቃ፣ ቀጥሎ ካባው። የባዮሎጂው መምህር የሆነ ነገር ደርሶብኝ መስሎት ሮጦ መጣ፤ ጮኼ ነበር መሰለኝ።

ክፍል አራትን ታኅሣሥን ሙሉ ተጫወትኩት። በመጨረሻው ላይ ሰይፈኛው በንጉሡ ትእዛዝ አንዲት ከተማ ያቃጥላል። ጠላት አለባት ተብሎ ነበር፤ ጠላት አልነበረባትም። ከእሳቱ የተረፈች አንዲት ወጣት ሴት የከተማዋ በር ላይ ቁጭ ትላለች፣ እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አቅቶት ያልፋል። በሩ ያው በር ነው፣ ድንጋዩም ያው። በስድስተኛው ክፍል የሚንበረከክላት አሮጊት እሷ ናት። እናቱ አይደለችም። ከተማዋን ያቃጠለባት ሴት ናት።

ታሪኩ ያሳዝናል። እኔ ግን አላዘንኩም። ተነሥቼ ደብተሬ ላይ «ተገኘ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ጥር ውስጥ በአንድ እሑድ አስጎብኚው ከአንድ ጉዞ ተመልሶ ሌላውን ሲጠብቅ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ እትዬ ቤት አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ሰማሁ። ማሽኑን በፎጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል፤ ከተማሪዎቼ አምስት ያህሉ አሉ። እትዬን አስፈቅጄ ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁና በጀርባው ገለበጥኩት።

«መምህር፣ ማሽኑን ደግሞ ምን አድርጎህ ነው የዘቀዘቅከው?» አለ አስጎብኚው። ሁሉም ሳቁ።

የጨዋታው ፍጻሜ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ያስቀመጥኩትን ከፈትኩ። ከመጀመሬ በፊት ዞሬ «በሩ ላይ ያለችው አሮጊት ማን ናት?» አልኩት፣ ክፍል ውስጥ በምጠይቅበት ድምፅ።

«እናቱ ናት አላልኩህም? ክፍል ሁለት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሁሉንም ጨርሻለሁ አልኩህ እኮ!»

አሳየሁት። እሳቱን፣ በሩን፣ ሴቲቱን። ሲያልቅ መጀመሪያ የተናገረው ከኋላ መቀመጫ የሚጠራኝ ይመስለኝ የነበረው ተማሪ ነው።

«እናቱ አይደለችማ!»

ሁሉም ወደ አስጎብኚው ዞረ። ዓይኑ ጣራ ላይ ነበር። «እኔ... አንድ ቱሪስት ነው የነገረኝ» አለ።

«አንተ ራስህ ከስንተኛው ጀመርክ?» አልኩት።

አፉ ውስጥ አጉተመተመ።

«አልሰማንህም፤ ጮክ በል።»

«ከስድስት።»

የተነሣውን ሳቅ ልገልጸው አልችልም። እትዬ ሳይቀሩ ከጓዳ «ጉድ! አስተማሪውም ስድስተኛ ኖሯል!» አሉ። አስጎብኚው ወጥቶ ሄደ። ሰኞ ክፍል ስገባ ስልሳ ሰው ዝም አለ። ጠመኔዬ ሰሌዳው ላይ ሲሄድ ይሰማ ነበር።

እትዬ በኋላ ለብቻዬ ሲያገኙኝ «በል አሁን ይበቃሃል። ታርቃችሁ ተጫወቱ። ያ ሰይፈኛ እንኳ ተንበርክኮ የለ?» አሉኝ።

«የተንበረከከው ያቃጠለው ነው፣ እትዬ። እኔ ማንንም አላቃጠልኩም።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። እኔ ደግሞ አልበቃኝም ነበር። ስለ ብቀላ የሚያወሩ ሰዎች ከተሳካ በኋላ ባዶነት ይሰማል ይላሉ፤ እኔ የተሰማኝ ግን ተጨማሪ ረሃብ ነው።

ክረምቱ ገባ። ተራራው በጉም ተሸፈነ፣ ቱሪስት ቀረ። በከተማው ውስጥ አምስቱም የቆዩ ክፍሎች ያሉት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ በተራ አውስ ነበርና እትዬ ቤት ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል፤ ማን ማንን ከዳ፣ አምስተኛው ላይ የሚሞተው ለምን ሞተ። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሰማዩ ሊያፈሰው ሲያንዣብብ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ።

«ቤቶች!»

አስጎብኚው ነው። ጥላውን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ።

«መምህር፣ እንደምን ዋሉ?» አለኝ። አንቱ አለኝ። እኩያዬ ነው።

«ደህና። ምን ልታዘዝ?»

«ከአንድ ልጀምር ብዬ ነው» አለ። ሲናገር መሬት መሬት ያያል። «ማንም ሳይነግረኝ፣ ራሴ እያየሁ። እትዬ ቤት እነሱ ስለ ካባው ማውራት ሲጀምሩ ወጥቼ ደጅ ነው የምቆመው፤ ትናንት እንኳ ዝናብ ሲደበድበኝ ነበር። መጨረሻውን መስማት አልፈልግም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ የወደድኩት ነገር የለም፣ እውነቴን ነው። ለዚህ ክረምት ብቻ ያውሱኝ።»

ያን ጊዜ እንደማይዋሽ አውቄ ነበር። ዓይኑ ጣራ ላይ አልነበረም።

«አውስሃለሁ» አልኩት። «ማሽኑንም ጭምር። ምንም አልጠይቅህም።»

ፊቱ በራ። ገብቼ ማሽኑን፣ አምስቱን ሲዲዎችና የክፍል ሁለትን ሰንጠረዥ በአንድ ካርቶን አድርጌ ይዤ ወጣሁ። ካርቶኑ ከባድ ነው፤ በሁለት እጅ ካልሆነ አይያዝም። በረዶ መጣል ጀመረ።

«ከመውሰድህ በፊት ግን አጭር ማብራሪያ ልስጥህ» አልኩት። «ክፍል አንድ...»

ገባው። ሁለት እጆቹን ጆሮዎቹ ላይ ከደነ፣ «አይሆንም፣ በእመቤቴ! መምህር፣ በእናትህ!» አለ። አንቱታው ቀረ።

ካርቶኑን ወደ እሱ እንደዘረጋሁ ቆምኩ። እኔን አየ፣ ካርቶኑን አየ። ክረምቱ ገና መጀመሩ ነው፣ ሌላ የሚሄድበት ቤት የለም። ሲዲዎቹን ለመቀበል እጆቹን ከጆሮው ማውረድ ነበረበት።

አወረዳቸው፣ ካርቶኑንም ታቀፈ። እኔም ከክፍል አንድ ጀምሬ፣ ከፈተና በፊት እንደምከልሰው፣ ሳልቸኩል ነገርኩት። ማን እንደሚከዳ፣ ማን እንደሚያገባ፣ ንጉሡ በእውነት ማን እንደሆነ። ቆሞ ሰማኝ። ክፍል አምስት ላይ ስደርስ በረዶው ቆርቆሮውን ክፉኛ ይመታው ስለነበር አንድም ቃል እንዳያመልጠው ድምፄን ከፍ አደረግሁ።